ጎማውን ያጎደሉ ሦስት ኮምፕሬሰሮች

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ ኢቶቢኮ ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቤታችንን የሚያህል ነጭ መኪና ቆሞ አገኘሁ። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ እዚህ አርቪ የሚሉት ዓይነት ነው። አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩታል። አንዳንዴ ቆም ይሉና ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ ያደርጉታል።

«መጣሽ? ጥሩ» አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ። «ኮምፕሬሰር ትመርጫለሽ።»

«ምን?»

«ጎማ መንፊያ። በእጅ የሚያዝ፣ ይዘነው የምንሄደው። ሪሰርች አድርጊና አንዱን ንገሪኝ። ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን።»

አጎቴ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። አርቪውን ያዋሳቸው ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ፀጉር ቤት ያለው ጃማይካዊ ወዳጃቸው ነው። ቁልፉን ሲሰጣቸው፣ ከትልቁ ሐይቅ በላይ ያለው መንገድ ረጅም እንደሆነ፣ ማደያዎቹ እንደሚራራቁ፣ የማደያ ፓምፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ከባድ ጎማ አቅም እንደሚያንሰው ነግሯቸዋል። የራሳችሁን መንፊያ ሳትይዙ እንዳትነሱ፣ ብሏል። ከኋላ ካሉት ጎማዎች አንዱ አየር ትንሽ እንደሚጎድለውም አልደበቀም።

ጉዞው ወደ ዊኒፔግ ነው። የአጎቴ ልጅ እዚያ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ባሏ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ታድራለች። በዚያ ሳምንት ደውላ፣ መኪናዋ እንኳ ጎማው ተንፍሶ ከቆመ መሰንበቱን፣ ሐኪም ቤት የምትሄደው በሰው መኪና መሆኑን ስትነግረን ድምፅዋ ተቆራረጠ። «እማዬ መቼ ነው የምትመጪው?» አለች። እናቷ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ስልኩን ለአጎቴ አቀበሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ስላስገባ፣ ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላን ክልክል ነው ተብለዋል። ፊታቸውን ወደ ታች ደፍተው እንዲቆዩም ታዝዘዋል፤ አውቶቡስ ላይ ሁለት ቀን አንገትን ደፍቶ መቀመጥ ደግሞ አይቻልም። አርቪው የመጣው ለአልጋው ነው። የገንፎው ዱቄትና ቅቤው ከሰኞ ጀምሮ በር ሥር ታስረው ተቀምጠዋል።

ለምን እኔ እንደምመርጥ ማንም አልጠየቀም። በአጎቴ ቤት ደንብ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ፍሪጅም ይመርጣል፣ ኢንሹራንስም ይመርጣል። እኔ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ስለ ግፊት የማውቀው ውኃ ከሥር ተነስቶ ቅጠል ድረስ የሚወጣበትን ያህል ብቻ ነው። መኪና መንዳት አልችልም። ጎማ ነክቼ የማውቀው ምናልባት በልጅነቴ፣ በብስክሌት ጊዜ ነው። ግን አይሆንም ማለት ስለማላውቅበት ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን ከፈትኩ።

ባላነበው ይሻለኝ ነበር። አንዱ ኮምፕሬሰር ትልቁ ግፊቱ መቶ ሃምሳ ነው ይላል፤ ሌላውም መቶ ሃምሳ፤ የእጅ ስልክ የምታህለዋም መቶ ሃምሳ። ታዲያ ምንድን ነው ልዩነታቸው? አንዱ ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሌላው በሁለት መቆንጠጫ በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ጋር ይያያዛል፣ ሌላው የራሱ ባትሪ አለው። አንዱ ገዢ «ሕይወቴን አዳነኝ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላው፣ ስለዚያው ዕቃ፣ «በመጀመሪያው ቀን ጨሰ» ይላል። ስለሚሠራበትና ስለሚያርፍበት ደቂቃ የሚያወሩ አሉ፤ በደቂቃ ስለሚገፋው የአየር መጠን የሚከራከሩ አሉ። ሁሉንም አነበብኩ። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር የማውቀው።

እስኪ ጎማውን ልይ ብዬ ወረድኩ። ተንበርክኬ ጎኑ ላይ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አምስት መቶ ሃምሳ ይላል።

«ጋሼ፣ አምስት መቶ ሃምሳ ነው እንዴ የሚሞላው?»

«አምስት መቶ ምን?» አጎቴ መነጽራቸውን አወጡ። «የእኔ መኪና ሠላሳ አምስት ነው እኮ! ይሄ አውሮፕላን ነው እንዴ?»

ከአምስት መቶ ሃምሳው አጠገብ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ሰማንያ የሚልም ነበር። የሾፌሩን በር ስንከፍት በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ለፊት ጎማ አንድ ቁጥር፣ ለኋላ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። ለኋላው እዚህም ሰማንያ ነው። ሁለታችንም ሰማንያውን መረጥን፤ እውነቱን ለመናገር፣ የመረጥነው የምናውቀው ዓይነት ቁጥር ስለመሰለን ነው።

«ጓደኞቼን ለምን አትጠይቂያቸውም?» አሉ አጎቴ። «ሁሉም ሾፌሮች ናቸው። ኮል አድርጊላቸው።»

ለማላውቀው ሰው መደወል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አጎቴ ባስገቡኝ የሾፌሮች ግሩፕ ላይ ለመጻፍ ወሰንኩ። ብዙ ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም መንገድ ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ልንገዛ አስበን ነበር። ያላችሁ ምን ዓይነት ነው? ደህና ይሠራል? ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ።»

ስህተቴ ይህ ነበር። እኛ ዘንድ የሰውን ዕቃ ደህና ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ዕቃውን ፈልጌ አፍሬ ነው እንደማለት ይወሰዳል። ደግሞ ልንገዛ ብያለሁ፤ እኛ እያለን ለምን ትገዛላችሁ የሚያሰኝ ነው። አንድም ሰው ስለ ኮምፕሬሰሩ ዓይነት አልመለሰልኝም። የመለሱት «መጣሁ» ብለው ነው።

መጀመሪያ የደረሱት የአጎቴ የቅርብ ወዳጅ፣ አዛውንቱ ሾፌር ነበሩ። አጎቴ ይህን አገር ሲረግጡ ኤርፖርት ሄደው የተቀበሏቸው፣ ክረምቱን ሙሉ ሳሎናቸው ውስጥ ያሳደሯቸው ሰው ናቸው። ቢጫ ኮምፕሬሰራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘውታል።

«እንደ እሱ ያለ የለም» አሉ ፎጣውን እየገለጡ። «ስንቱን ሰው ከበረዶ ላይ አንስቷል መሰለሽ። ልትገዙ ነው አሉ? እኔ ሞቻለሁ?»

«ኧረ አይደለም፣ ዝም ብዬ ለመጠየቅ...»

«ዝም ብላ! ያዥ።»

ያዝኩት። ቀጥሎ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ጎረቤታችን የራሷን ይዛ መጣች። «ጥቁሩ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ገመዱን አትጠምዝዢው እሺ፣ የኔ ቆንጆ? እኔ ለመግሪብ ልድረስ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። ሦስተኛው ሰው ጨርሶ አልወረደም። ታክሲውን አቁሞ ጥሩምባ ነፋና አንድ ፌስታል በመስኮት አቀበለኝ። ፌስታሉ ውስጥ የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ መንፊያ ነበር። «የልጆቼን ኳስ፣ ብስክሌት፣ ሁሉንም ይነፋል!» ብሎኝ መንገደኛ ሊያነሳ በረረ።

ጭራሽ ግራ ገባኝ። ቅድም አንዱን መምረጥ አልቻልኩም ነበር። አሁን ደግሞ አንዱን ከመረጥኩ ሁለት ሰው ልናስቀይም ነው።

አጎቴ ግን አልተጨነቁም። አዛውንቱን ወዳጃቸውን አዩና «በቃ፣ የእሳቸውን ይዘን እንሄዳለን» አሉ። «መቶ ሃምሳ ይላል፤ ጎማው ሰማንያ። ይተርፋል እንጂ አይጎድልም።»

እኔም የማውቀው ከዚያ የበለጠ አልነበረም። ግን ቅድም ያነበብኩት የጭሱ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ከሐይቁ በላይ፣ ሰው በሌለበት መንገድ፣ እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተው፣ አጎቴ ከጎማው አጠገብ ተንበርክከው ታዩኝ። ስለዚህ «እስኪ አሁን እንሞክረው» አልኩ። ሲጀመር በሰው ፊት ሐሳብ አልሰጥም፤ ለምን በዚያ ቀን እንደተናገርኩ አላውቅም።

አጎቴ የሚጎድለውን የኋላ ጎማ በራሳቸው መለኪያ ለኩ፤ ሰባ ሁለት ነበር። የአዛውንቱን ቢጫ ኮምፕሬሰር አርቪው ውስጥ ኋላ ካለው የሲጋራ መለኮሻ ዓይነት ሶኬት ላይ ሰካነው፣ ቱቦውን ጎማው ላይ አሠርነው። ጩኸቱ የጎረቤቱን ውሻ አስነሳ። አዛውንቱ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው በኩራት ያዩታል። «ስሚው ሲሠራ!» ይሉኛል። ጥቂት ቆይቶ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ከዚያ ዝም አለ። ወዲያው ከጎማው በኩል ቀጭን ፉጨት ሰማን። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም የጎማው አየር በቱቦው ተመልሶ እየወጣ ነበር። ተንበርክኬ ቱቦውን በፍጥነት ፈታሁት። ሲለካ ስልሳ ስምንት።

«ሙቀቱ ነው» አሉ አዛውንቱ። «ዛሬ ቀኑ ሞቃት ነው።»

ቀጥሎ የአውቶቡስ ሾፌሯን ኮምፕሬሰር ሰካነው። አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ፤ የሶኬቱ ፊውዝ ተቃጠለ። ይህን ያወቅነው የአጎቴ የስልክ ቻርጀርም እዚያው አልሠራ ሲል ነው። ሦስተኛዋ ግን ሶኬት አያስፈልጋትም። ቱቦውን ሳስር ጎማው እንደገና ፍስስ አለ፤ የመንፊያዋ መስኮት በርቶ አራት ነጥብ አምስት የሚል ቁጥር አወጣች።

«አራት?!» አጎቴ ራሳቸውን ያዙ። «ሙሉውን አየር አስወጣሽው እንዴ?»

«አላስወጣሁም! እኔ እንጃ... ቆይ ጋሼ።»

ስልኬ ላይ ፈለግኩ። አምስት መቶ ሃምሳ የሚባለውም፣ ሰማንያውም፣ በእሷ አቆጣጠር አምስት ነጥብ አምስት የሚባለውም አንድ ግፊት ነው፤ መለኪያው ብቻ ነው የሚለያየው። አራት ነጥብ አምስቷም ስልሳ አምስት ገደማ ናት። ከዚያ ሁሉ ንባብ በእርግጠኝነት የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ማንም ደስ አላለውም። ትንሿ መንፊያ ትንሽ ገፋች፣ ደከመች፣ ባትሪዋ አለቀ። አጎቴ በራሳቸው መለኪያ ለኩ። ስልሳ አራት።

«ቅድም ሰባ ሁለት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «በሰባ ሁለት ብነሳ መንገድ ላይ አንዱ ጎሚስታ ይሞላልኝ ነበር። አሁን ይሄን ይዤ የት እደርሳለሁ? የጎማ ቤቱ ሁሉ ዘግቷል።»

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸውን መሬት መሬት እያደረጉ ስለሚሄዱ መምጣታቸውን አላየንም፤ እሳቸው ግን ከሁላችንም በፊት ያዩት ጎማውን ነው።

«አንሄድም ማለት ነው?» አሉ።

አጎቴ መለኪያውን ኪሳቸው ከተቱት። እትዬ «ልጅቷ እኮ ነገ ይነሳሉ ብላ ነው የምታስበው» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የገንፎውን ዱቄት ከበሩ ሥር አንስተው ወደ ማድቤት ሲመልሱት በመስኮቱ አየኋቸው።

«ነገ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል የእኔ ይሠራል» አሉ አዛውንቱ፣ ኮምፕሬሰራቸውን በፎጣው መልሰው እየጠቀለሉ። «እኔ ራሴ መጥቼ እነፋዋለሁ። አታስቡ።»

አጎቴ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ባለውለታቸውን ምን ሊሏቸው ይችላሉ? አይሠራም ቢሉ ኮምፕሬሰሩን ብቻ መስደብ አይሆንም። እኔም ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝም ማለት የምችልበት ሥራዬ ነው። ነገር ግን እንሞክረው ብዬ ጎማውን ያጎደልኩት እኔ ነኝ፣ ዱቄቱም ማድቤት ገብቷል።

«ነገ ሱቅ ሲከፈት ሄጄ እገዛለሁ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ አጎቴ። በእርግጥ አልሰሙኝም ነበር።

ደገምኩት። አዛውንቱ ቅንድባቸውን አነሱ። «የእኔን ንቃ ነው?» አሉ እየሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም። ወደ ውስጥ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። በአውቶቡሱ ውስጥ የምናገረውን እንግሊዝኛ ስልኬ ላይ ጽፌ ስደጋግመው መጣሁ። እኔ ሰው ላለማነጋገር ብዬ ሁልጊዜ ራስን በራስ መክፈያው ጋ የምሰለፍ ሰው ነኝ። ሻጩ ወጣት ልጅ ነበር። የጎማውን ፎቶ አሳየሁትና «ከእነዚህ ውስጥ በዚህ ጎማ ሰማንያ የሚሞላ፣ ሳይግል የሚቆየው የትኛው ነው?» አልኩት።

ልጁ ፎቶውን አየ፣ መደርደሪያውን አየ። «እውነት ለመናገር አላውቅም» አለኝ።

ይህን መልስ ስሰማ ያልጠበቅሁት እረፍት ተሰማኝ። «እንግዲያው ካርቶኖቹን ከፍተን መመሪያዎቹን እናንብብ?» አልኩት። እሱም ሥራ ስላልነበረው እሺ አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን አነበብን። ከሲጋራ መለኮሻ የሚሰኩት መመሪያ ስለ ትናንሽ መኪናዎች ብቻ ያወራል። አንደኛው፣ ከባትሪ ጋር በመቆንጠጫ የሚያያዘው፣ ከባዱ፣ የእኛን ዓይነት ጎማ መጠን ጠቅሶ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላው፣ ከዚያ ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት ጽፏል። ቱቦውም ረጅም ነው፤ ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ ይደርሳል። ልክ መሆኔን አላወቅሁም፤ ሌሎቹ ስለ እኛ ጎማ ምንም አይሉም፣ እሱ ይላል፤ ይህን ብቻ ነው ያወቅሁት። ያዝኩት።

ቤት ስደርስ አጎቴ የአርቪውን ሞተር ክዳን ከፍተው ይጠብቁኛል። እትዬ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው፣ በሩን ከፍተው፣ እንደታዘዙት አቀርቅረዋል። አዛውንቱም መጥተዋል፤ ቢጫው በፎጣ እንደተጠቀለለ ብብታቸው ሥር ነው። አዲሱን ካርቶን በእጄ ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ ፎጣው መለሱ። ጠርዙን ያስተካክላሉ። አጎቴ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያሉ። ያን ጊዜ የዊኒፔጓ ልጅ ስልክ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው አዛውንቱን። «የእርስዎ ለትንሽ መኪና ነው አይደል ሁልጊዜ የሠራው?»

«አዎ፣ ለታክሲ ነዋ። ዛሬ ጠዋትም በታክሲዬ ሞክሬው ሠርቷል። ታዲያ ምን?»

«የአራሷ መኪና ትንሽ ናት። ጎማው ተንፍሶ ከቆመ ሰንብቷል፤ ሕፃኑን ይዛ ሐኪም ቤት የምትሄደው በሰው መኪና ነው። የእርስዎ እዚያው ቢቀርላት... የአራስ መጠየቂያ ቢሆንላት?»

አዛውንቱ የተጠቀለለውን ፎጣ አዩ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ። «እኔ እኮ ለአራሷ ባዶ እጄን ምን እልካለሁ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት!» አሉ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እትዬ አንገታቸውን እንደደፉ እጃቸውን ዘረጉ፤ አዛውንቱም ቢጫውን ኮምፕሬሰር በፎጣው እንደተጠቀለለ እንደ ሕፃን አስታቀፏቸው። «ገመዱን እንዳይጠመዝዝ ለባሏ ንገሩልኝ» አሉ፤ ትናንት ጎረቤታችን ያለችውን ሰምተው ነበር ማለት ነው።

መቆንጠጫዎቹን አጎቴ ያዙልኝ፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። እኔ ቱቦውን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩና መሬቱ ላይ ተንበረከክሁ። ኮምፕሬሰሩ ከትናንቶቹ ያነሰ ይጮኻል፤ ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም ነበር። የቱቦው መለኪያ መርፌ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የማይታይ ያህል ትንሽ ሄደ።

«ደረሰ?» አሉ እትዬ ከፊት።

«ገና ነው።»

ሰባን አለፈ። እጄን ኮምፕሬሰሩ ጎን ላይ አደረግሁ፤ ይሞቃል፣ ግን አያቃጥልም። አዛውንቱ ከኋላዬ ቆመው በጭንቀት ይተነፍሳሉ፤ አሁን የማንም ኮምፕሬሰር ቢሆን እንዲሠራ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

«አሁንስ? ደረሰ?»

«ሰማንያ!» ብዬ ጮኽኩ። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን ውሻቸውን ይዘው ቆም ብለው አዩኝ። እትዬ ማድቤት የቀረውን ዱቄት እንዲያመጡላቸው አጎቴን ሲጠሩ ሰማሁ። ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁት፣ መመሪያው እንደሚለው እስኪያርፍ ጠበቅሁት፣ ከዚያ ቱቦውን ፈትቼ ወደ ቀጣዩ ጎማ ዞርኩ።